የልጆች ምናባዊ ልብ ወለድና ልዩ ልዩ ባለታሪኮቹ፤ በሦስት መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ በሚመረጥበት ጊዜ ዘወትር የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው መጽሐፉ ምን ያስተምራል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ቋንቋው ለክፍሉ ደረጃ ይመጥናል ወይ የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ልጁ ራሱ መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ የሚጠይቀው ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ልጁ የሚለው «ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ?» ነው። ይህን ጥያቄ የማያስነሣ መጽሐፍ ምክር የሞላበት ቢሆን እንኳ ከመደርደሪያው አይወርድም፤ ቢወርድም ለፈተና ያህል ተነቦ ይመለሳል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከ10 እስከ 14 ዓመት ገደማ ለሆኑ ልጆች የሚጻፈውን፣ በውጭ አገር ‹ፋንታሲ› የሚባለውንና እዚህ ምናባዊ ልብ ወለድ ብለን የምንጠራውን የድርሰት ዓይነት ነው። በተለይም ባለታሪኮቹ በቆዳ ቀለም፣ በትውልድ፣ በአካል ሁኔታ ወይም በቤተሰብ ኑሮ ከተለመደው የመጽሐፍ ጀግና የተለዩ የሆኑባቸውን ሦስት ሥራዎች እንመረምራለን። ሦስቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የታተሙባቸው ዓመታት የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ዓመታት ግን ዓ.ም. በሚል ተለይተዋል።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። የባለታሪኩ ልዩነት በታሪኩ ላይ እንደ ጌጥ የተለጠፈ ሲሆን የንባቡ ደስታም ትምህርቱም ይደክማል። ልዩነቱ ታሪኩን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ሲሆን ግን ልጁ ሳይመከር ይማራል፤ በመንደርና በክፍል ውስጥ ስድብ ሆኖ የሰማው ነገር በመጽሐፉ ውስጥ በር መክፈቻ ሆኖ ያገኘዋልና። በመሆኑም ደስታው የትምህርቱ ማጣፈጫ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ትምህርቱ የሚገባው በደስታው በኩል ነው።

1. የጉዳዩ አነሣሥ

በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ጀግና ሆኖ የሚታየው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ጎልቶ የተነሣው ናንሲ ላሪክ የተባሉ የንባብ ትምህርት ባለሙያ በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። እኒህ ባለሙያ ከ1962 እስከ 1964 በወጡ 5,206 የልጆች መጻሕፍት ላይ ባደረጉት ቆጠራ፣ አንድ እንኳ ጥቁር ሰው የሚገኝባቸው መጻሕፍት ከመቶ 6.7 ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳዩ። ከ25 ዓመት በኋላ በ1990 ፕሮፌሰር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ መጽሐፍን በመስተዋትና በመስኮት መስለው አቀረቡት። በመስተዋቱ ልጁ ራሱን ያያል፤ በመስኮቱ ሌላውን ያያል፤ መስኮቱ በር ሆኖ ሲከፈት ደግሞ ወደ ሌላው ዓለም ይገባል። ይህ አባባል ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን አብያተ መጻሕፍት ውስጥ በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ የልጆች መጻሕፍት ይገኛሉ። የዘንዶ ገዳዩም፣ የአስማት ትምህርት ቤቱ ተማሪም፣ የጠፋው ልዑልም አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገር ልጅ ነው። የእኛ ልጅ ይህን አንብቦ ሊደሰት ይችላል፤ ይደሰታልም። ነገር ግን ተአምር የሚፈጸመው ሁልጊዜ በሌላ ሰፈር ነው የሚል እምነት ቀስ በቀስ ያድርበታል።

የመስተዋቱ ምሳሌ ጠቃሚ ቢሆንም አንድ አደጋ አለው። መጽሐፍ መራጩ የባለታሪኩን መልክ ከተማሪው መልክ ጋር አስተያይቶ ሥራውን እንደ ፈጸመ ሊቆጥር ይችላል። ሂስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ መልክ መመሳሰሉ ምን ያህል ሥራ ሠርቷል ብሎ ለመጠየቅ።

2. የቀጥቃጩ ልጅ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ጉዊን (1929-2018) ‹ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ› የተባለውን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1968 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በባሕርና በደሴቶች በተሞላ የምናብ ዓለም ሲሆን፣ ባለታሪኩ ጌድ እናቱ ገና በሕፃንነቱ የሞተችበት፣ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ የነሐስ ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ወራሪዎች መንደሩን ሊያጠፉ በመጡ ጊዜ ልጁ ከአክስቱ በተማራት ጥቂት አስማት ጉም አውርዶ ሕዝቡን ያድናል። በኋላም በሮክ ደሴት ወዳለው የጠቢባን ትምህርት ቤት ይገባል፤ እዚያ በትዕቢት ተነሣሥቶ በፈጸመው ድርጊት የማይታወቅ ጥላ ወደ ዓለም ይለቅቃል። የቀረው ታሪክ ጥላው ልጁን፣ በኋላም ልጁ ጥላውን የሚያሳድዱበት ነው።

ጌድ ቀላ ያለ ጠይም ነው፤ የልብ ጓደኛው ቬች ጥቁር ነው፤ ነጮቹ በመጀመሪያው ምዕራፍ የመጡት ወራሪዎች ናቸው። ደራሲዋ ይህን አስቀድመው አያውጁም። አንባቢው ልጁን ወዶ፣ ከእሱ ጋር ፈርቶና ሮጦ ካበቃ በኋላ በአንድ ሐረግ ብቻ ቀለሙን ያገኘዋል። በ1968 ይህ ብልህ ዘዴ ነበር። መጽሐፉ በ2004 ወደ ቴሌቪዥን ፊልም በተለወጠ ጊዜ ግን ጌድን ነጭ ተዋናይ እንዲሠራው ተደረገ፤ ደራሲዋም ድርጊቱን በጽሑፍ በይፋ ነቀፉ። ከዚህ እንደምንረዳው በጸጥታ የተቀመጠ ልዩነት በቀላሉ ሊሰረዝም ይችላል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለአገራችን ልጅ ልዩ ጣዕም የሚኖራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። በዚያ ዓለም ማንኛውም ሰው እውነተኛ ስሙን ከልቡ ለሚያምነው ሰው ብቻ ይነግራል፤ ስሙን ያወቀ በባለቤቱ ላይ ሥልጣን ያገኛልና። ቬች እውነተኛ ስሙን ለጌድ የሚሰጥበት ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የሚወደድ ነው። የክርስትና ስሙን ጠላት ሰምቶ ያስደግምብኛል ብሎ ለጎረቤት እንኳ የማይናገር ሰው ብርቅ ባልነበረበት አገር ያደገ ልጅ፣ የዚህን ስጦታ ክብደት ያለ መምህር ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሁለተኛው የአባቱ ሙያ ነው። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው በእጃቸው ሥራ እየተጠቀምንባቸው ‹ጠይብ› እየተባሉ ሲነቀፉ፣ በቡዳነት ሲጠረጠሩና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ‹ጠይብ› እና ‹ጠቢብ› የአንድ ግንድ ቃላት መሆናቸውን ለተማሪዎቹ የሚነግር መምህር፣ የቀጥቃጩ ልጅ ከጠቢባን ሁሉ የበለጠ ሲሆን የሚያሳየው ይህ መጽሐፍ በክፍሉ ውስጥ ለማን እንደ ተጻፈ ሊታየው ይችላል። ደራሲዋ ይህን አገር አስበው እንዳልጻፉት ግልጽ ነው። ጥሩ ምናባዊ ልብ ወለድ ግን ደራሲው ባላሰበው አገር ያልታሰበ ሥራ ይሠራል።

ድክመቶችም አሉት። ሴቶች በታሪኩ ውስጥ ያላቸው ስፍራ አነስተኛ ነው፤ የሮክ ትምህርት ቤትም ሴት አይቀበልም። ደራሲዋ ራሳቸው ይህን ጉድለት ተመልክተው በ1990 ‹ቴሃኑ› በተባለው መጽሐፍ ያንኑ ዓለም በሴቶች ዐይን እንደገና ጽፈውታል። ከዚህም በላይ ትረካው ረጋ ያለ፣ ንግግር የሚያንሰው፣ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎችም በረጅም የባሕር ጉዞ የተያዘ ነው። በግሉ አንብቦ ለመጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ድምፅ ከፍ አድርጎ ለሚያነብ መምህር ግን ከሦስቱ መጻሕፍት የበለጠ ምቹ ነው።

3. ፀሐይ የማትችለው ‹ፀሐይ›

ናይጄሪያዊት-አሜሪካዊት ደራሲ ንኔዲ ኦኮራፎር ‹አካታ ዊች› የተባለውን መጽሐፍ ያሳተሙት በ2011 ነው። ባለታሪኳ ሰኒ የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ ስሟ ወደ እኛ ቢመለስ ‹ፀሐይ› ወይም ‹ፀሐይነሽ› እንደ ማለት ነው። ከኢግቦ ወላጆች በኒው ዮርክ ተወልዳ በ9 ዓመቷ ወደ ናይጄሪያ ስለ ተመለሰች በአባ ከተማ ያሉ የክፍል ጓደኞቿ እንደ ባዕድ ያዩአታል። አልቢኒዝም ስላለባትም ስሟን የሰጣት ፀሐይ ቆዳዋን ያቃጥላታል። እግር ኳስ አጥብቃ ትወዳለች፤ ግን የምትጫወተው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብቻ ነው። ‹አካታ› የሚለው ቃል በናይጄሪያውያን ዘንድ ለጥቁር አሜሪካውያን የሚነገር የንቀት ቃል ነው፤ በ2013 በናይጄሪያና በእንግሊዝ በታተመው ቅጅ የመጽሐፉ ርእስ ‹ዋት ሰኒ ሶ ኢን ዘ ፍሌምስ› በሚል ተለውጧል።

መጽሐፉ በመጀመሪያ ገጾቹ መምህራንን በቀጥታ የሚመለከት ትዕይንት ያቀርባል። መምህርቷ በድርሰት ፈተና ከሁሉ የበለጠች ሰኒ መሆኗን ካወጀች በኋላ፣ አለንጋውን ሰጥታ ሌሎቹን ተማሪዎች እንድትገርፍ ታዛታለች። ልጅቷ እምቢ ትላለች፤ ከትምህርት በኋላ ግን የክፍሉ ልጆች ቂማቸውን የሚወጡት በመምህርቷ ላይ ሳይሆን በእሷ ላይ ነው። ጎበዝን በማመስገን ስም ከጓደኞቹ የመለየት ስሕተት እንዴት እንደሚፈጸም ብዙ የሥነ ትምህርት መጻሕፍት ከሚገልጹት በላይ ይህ ትዕይንት ግልጽ ያደርገዋል።

ሰኒ ከዚህ በኋላ ‹የነብር ሰዎች› ከሚባሉት፣ ጁጁ የሚባለውን ምትሃት ከሚያውቁት ወገን መሆኗን ትረዳለች። የዚህ ማኅበረሰብ ሥርዐት የመጽሐፉ ትልቁ ደስታ ነው። ገንዘባቸው ‹ቺቲም› ይባላል፤ ቺቲም የሚገኘው በንግድ ወይም በውርስ አይደለም። አንድ ሰው አዲስ ነገር ባወቀ ቅጽበት የብረት ዘንጎቹ ከሰማይ እግሩ ሥር ይወድቃሉ። ፈታኝ የለም፤ ደረጃ የለም፤ ማወቁ ራሱ ይከፍላል። ልጆች ይህን ሲያነቡ ይስቃሉ፤ ቀጥለውም «ዛሬ ለእኔ ስንት ይወድቅልኝ ነበር?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ስለ ትምህርት ዋጋ የሚሰጥ ማናቸውም ስብከት ይህን ጥያቄ በልጅ አፍ ሊያስቀምጥ መቻሉ ያጠራጥራል።

የሰኒ ሦስት ጓደኞችም በየራሳቸው ‹ችግር› አለባቸው የተባሉ ናቸው። ኦርሉ ‹ዲስሌክሲያ› የተባለ ፊደልን የሚያምታታ የንባብ ችግር አለበት፤ ችሎታው ግን የተቋጠረ ምትሃትን መፍታት ነው። ቺቺ ትምህርት ቤት አትሄድም፤ የምትኖርበት ጎጆ ግን በመጽሐፍ የተሞላ ነው፤ ያነበበችውንም አትረሳም። ሳሻ በቺካጎ ጥፋት በጥፋት ላይ እየደረበ ወላጆቹን ስላስጨነቀ ወደ ናይጄሪያ የተላከ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የሰኒም ነጭነት በሚታየውና በማይታየው ዓለም መካከል ለመሻገር ያስችላታል። ደራሲዋ ጉድለቱ ቢኖርም ልጁ ጎበዝ ነው ብለው አላቆሙም፤ ጉድለት የተባለውን ራሱን የችሎታው ምንጭ አድርገውታል። ልዩነቱን ከታሪኩ ብናወጣው ታሪኩ ይፈርሳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መጽሐፉን ከሦስቱ በላጭ ነው የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ ነጥብ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በታንዛኒያና በማላዊ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች አካላቸው ለጥንቆላ ይጠቅማል በሚል እምነት ታድነው ተገድለዋል። አልቢኒዝምን ከምትሃት ጋር የሚያያይዝ ልብ ወለድ ይህንኑ እምነት አያጠናክርምን? ለደራሲዋ የሚሰጠው መልስ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ኃይሉ የልጅቷ የራሷ እንጂ ሌላው ከአካሏ የሚወስደው አለመሆኑ ነው፤ ልጆችን እየጠለፈ የሚገድለውና በእነሱ ደም ኃይል የሚፈልገው ሰው የታሪኩ ክፉ ሰው ሆኖ ቀርቧል። ይህ መልስ ለአዋቂ ሐያሲ ይበቃል፤ ለ12 ዓመት ልጅ ግን አይበቃም። ስለዚህ መጽሐፉን የሚያስነብብ መምህር አልቢኒዝም ከወላጆች የሚወረስ፣ ለቆዳ፣ ለጠጉርና ለዐይን ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ማነስ ወይም መጥፋት መሆኑን በግልጽ ማስረዳት ይገባዋል። እንዲህ ያለ ተማሪ በክፍሉ ቢኖር ሰፊ ባርኔጣ እንዲያደርግ መፍቀድ፣ በጥላ እንዲቆም ማድረግና ከሰሌዳው አጠገብ ማስቀመጥም ከመጽሐፉ ጋር የሚሄድ ትምህርት ነው።

ሌላው ድክመት የአፈጻጸሙ ጥድፊያ ነው። ብዙ ምዕራፍ የተዘጋጀለት ፍልሚያ በጥቂት ገጾች ያልቃል። የሕፃናት ግድያም ስለሚነሣበት ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይመከርም። ለእነዚህ የዚያችው ደራሲ ቀደምት ሥራ፣ በ2005 የወጣው ‹ዛራ ዘ ዊንድሲከር› ይሻላል። ዛራ በጠጉሯ ውስጥ ሐረግ አብሮ ስለሚበቅል የምትሰደብ የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ እባብ የነደፈውን ጓደኛዋን ለማዳን ወደ ተከለከለው ዱር ብቻዋን ትገባለች። መጽሐፉ በ2008 በወሌ ሾይንካ ስም የሚሰጠውን የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል።

4. ሰማይን በቡጢ የሸነቆረው ልጅ

ሦስተኛው ሥራ ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ክዋሜ ምባሊያ በ2019 ያሳተሙት ‹ትሪስታን ስትሮንግ ፓንቸስ ኤ ሆል ኢን ዘ ስካይ› ነው። መጽሐፉ የወጣው በልዩ ልዩ ሕዝቦች አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ የልጆች ልብ ወለዶችን ለማሳተም በተቋቋመና በ2018 ከህንድ አፈ ታሪክ በተቀዳ መጽሐፍ ሥራውን በጀመረ የኅትመት ክፍል ነው። በ2020 ለጥቁር አሜሪካውያን ደራስያን በሚሰጠው የኮሬታ ስኮት ኪንግ ሽልማት የክብር መጽሐፍ ተብሎ ተመርጧል።

ትሪስታን የልብ ጓደኛው ኤዲ በአውቶቡስ አደጋ የሞተበት፣ ጓደኛዬን ላድነው ሲገባኝ አላዳንሁትም ብሎ የሚጸጸት የቺካጎ ልጅ ነው። አባቱና አያቱ ቦክሰኞች ስለ ሆኑ እሱም ቦክስ ጀምሮ በመጀመሪያ ግጥሚያው ይሸነፋል። በአላባማ ወዳለው የአያቶቹ እርሻ ሲላክ የሚይዘው የኤዲን ማስታወሻ ደብተር ነው። አንዲት ከሙጫ የተሠራች ተናዳፊ አሻንጉሊት ደብተሩን ነጥቃ ስትሮጥ ተከትሏት ጠርሙስ የተንጠለጠለበትን አሮጌ ዛፍ በቡጢ ይመታል፤ በዚህም ወደ ሌላ ዓለም የሚያስገባ ቀዳዳ ይከፈታል። በዚያ ዓለም የሚኖሩት በባርነት ወደ አሜሪካ የተጋዙ አፍሪካውያን በቃል ያቆዩአቸው የተረት ሰዎች፣ ብልሁ ጥንቸልና ከአካን ሕዝብ ተረት የመጣው ሸረሪቱ አናንሲ ናቸው። የሚያሳድዷቸው የብረት ጭራቆች ደግሞ የእግር ብረትና የሰንሰለት ቅርጽ አላቸው። ልጁ የታሪክ ትምህርቱን የሚቀበለው ከጭራቁ እየሸሸ ነው።

መጽሐፉ አስደሳች ነው፤ አሻንጉሊቷ ባለችበት ገጽ ሁሉ ሳቅ አለ። ነገር ግን ሳቁ አንዳንድ ጊዜ ኀዘኑን ይቀድመዋል። ትሪስታን ስለ ኤዲ ማልቀስ ሲጀምር ቀልድ ጣልቃ ይገባል፤ የተረቱ ሰዎችም ከመብዛታቸው የተነሣ አንዳንዶቹ ስማቸውን ብቻ ተናግረው ያልፋሉ። ጥንቸሉን በሕፃንነቱ ያልሰማ ልጅ፣ የእኛ ተማሪ ማለት ነው፣ ከቀልዱ እኩሌታው ያመልጠዋል።

ከዚህ መጽሐፍ የምንወስደው ትልቁ ቁም ነገር ግን ከድክመቱ ጋር የተያያዘ ነው። ደራሲው ሕፃን የሚያስተኙበትን ተረት ወስደው ለ12 ዓመት ልጅ፣ ኀዘን ለገባው ልጅ አሳድገውታል። የእኛ አያ ጅቦና እመት ጦጣ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ከታዩ በኋላ ከተማሪው ጋር ወደ ላይኛው ክፍል አያልፉም። ተረት የሕፃን ነገር ነው ብለን ስለምናምን፣ ልጁ ከፍ ሲል ምናቡን የሚከተለው ከሌላ አገር በመጣ መጽሐፍ ነው።

5. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ልጆችን ውሸት ያስተምራል የሚል ነው። ‹ልብ ወለድ› የሚለው ስያሜ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ ከልብ የተወለደ መሆኑን በስሙ የሚያስታውቅ ጽሑፍ ማንንም አያታልልም። ጦጣ ስትናገር ሰምቶ ያደገ ልጅም ወደ ዱር ሄዶ ጦጣን አያናግርም።

ሁለተኛው ከሃይማኖት አኳያ የሚነሣው፣ አስማትን ማስወደድ ነው የሚለው ተቃውሞ ነው። ይህ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ወላጅ ለልጁ የሚያደርገው ጥንቃቄ የትምህርት ቤቱ አጋዥ እንጂ እንቅፋት አይደለም። መምህሩ መጽሐፉን አስቀድሞ አንብቦ ለወላጆች ጭብጡን ቢያስረዳ፣ የማይፈልግ ወላጅ ቢኖርም ለልጁ ሌላ መጽሐፍ ቢሰጥ መልካም ነው። ከሚነገሩትም ነገሮች አንዱ፣ በመረመርናቸው መጻሕፍት ውስጥ ኃይል ያለ ዋጋ የማይገኝ መሆኑ ነው። ጌድ በትዕቢት ያደረገው ነገር ዕድሜ ልኩን ጠባሳ ይጥልበታል።

እዚህ ላይ የትርጕም ጉዳይ ወሳኝ ይሆናል። ተርጓሚው ጌድን ‹ጠንቋይ› ቢለው መጽሐፉ ከክፍሉ በር አያልፍም፤ ‹አስማተኛ› ቢለው ገበያ ላይ የሚያጭበረብር ሰው ይመስላል፤ ‹ደብተራ› ቢለው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይን ስም ያለ ቦታው ያውላል። ‹ጠቢብ› ቢለው ግን ከላይ የተገለጸው የትርጕም ብልጽግና ሁሉ ይከተለዋል። የሰኒ ጁጁ ደግሞ የሌላ ሕዝብ ሥርዐት ስለሆነ በራሱ ስም ‹ጁጁ› ተብሎ ቢቀር ይሻላል።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ ከቀረበው በመነሣት የሚከተሉትን ማመልከት ይቻላል።

ሀ/ መጽሐፍ በሚመረጥበት ጊዜ ከተለመዱት ጥያቄዎች ጋር ይህ ይጨመር፤ የባለታሪኩ ልዩነት ቢወገድ ታሪኩ እንዳለ ይቆማል ወይ? ከቆመ ልዩነቱ ለሽፋኑ ሥዕል ብቻ የተጻፈ ነው።

ለ/ በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል መምህሩ ለክፍሉ ድምፅ አውጥቶ ያንብብ፤ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ተማሪዎቹ በሚሰሙት ቋንቋ ቢተርክላቸውም ያው ነው። ከዚህ ንባብ ፈተና አይውጣ፤ የግብረ ገብ ማጠቃለያም አይጨመርበት። ምዕራፉ በሚያጓጓ ቦታ ቢቋረጥ ሌላ ማበረታቻ አያስፈልግም።

ሐ/ በባለታሪኩ የሚመሰል ተማሪ በክፍሉ ቢኖር መምህሩ «ይህ እንዳንተ ነው» ብሎ በጣቱ አያመልክት። ልጁ ራሱን በመጽሐፉ ውስጥ በድብቅ የማግኘት መብት አለው። በአደባባይ ከተነገረበት ያው የመንደሩ ስድብ በመልካም ቃል ተመልሶ መጣበት ማለት ነው።

መ/ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች እንዲሰጥ በር ከፍቷል። በዚህ በር የገባው ግን በአብዛኛው መማሪያ መጽሐፍ ነው። ዕጩ መምህራን በየአካባቢያቸው ከአረጋውያን ተረት ሰብስበው፣ የ12 ዓመት ልጅ የሚመራቸው ረዘም ያሉ ታሪኮች አድርገው እንዲጽፉ ማድረግ የማሠልጠኛ ኮሌጆች የልምምድ ሥራ ሊሆን ይችላል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፣ የእረኛው ልጅ፣ በክራንች የሚሄደው ልጅ ዘንዶውን የሚገጥሙባቸው ታሪኮች ያስፈልጉናል።

ሠ/ የንባብ ዕቅድ ውጤት በተሰራጨው መጽሐፍ ብዛት ብቻ አይለካ። ጠርዙ ያለቀ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈ መጽሐፍ ስለ ተነባቢነቱ ከሪፖርት የበለጠ ይመሰክራል። ተቆጣጣሪ ወደ ትምህርት ቤት በሄደ ጊዜ አዲስ የመሰሉት መጻሕፍት ለምን አዲስ እንደ መሰሉ ይጠይቅ።

ማጠቃለያ

ሦስቱ መጻሕፍት እኩል አይደሉም። የለ ጉዊን ሥራ ጥልቅ ሆኖ ዝግ ያለ ነው፤ የምባሊያ ሥራ ፈጣን ሆኖ አልፎ አልፎ ስስ ነው፤ የኦኮራፎር ሥራ ልዩነትንና ደስታን አንድ ላይ በማስኬድ ከሁለቱ ይበልጣል፤ ጥንቃቄ የሚያሻውም እሱ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ግን ቀድሞ ጀግና ሆኖ የማያውቀውን ልጅ በታሪኩ መካከል አስቀምጠው፣ አንባቢውን ወደደም ጠላም ከእሱ ጋር ማስሮጣቸው ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ ከ50 እስከ 60 ተማሪዎች በሚቀመጡበት ሁኔታ መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ ቁስል ሊያውቅ አይችልም። በየትኛው ቤት ‹ቡዳ› የሚል ቃል እንደሚሰማ፣ ማን ፊደል እንደሚምታታበትና በዚህ ምክንያት ሰነፍ እንደ ተባለ፣ ማን የሞተበትን ጓደኛ በልቡ እንደ ያዘ በመዝገቡ ላይ አልተጻፈም። ጥሩ መጽሐፍ ሳይጠይቅ ወደዚህ ልጅ ይደርሳል፤ እንዲደርስ ግን ከተቆለፈው ሣጥን መውጣትና በልጁ እጅ መግባት አለበት። ይህን ማድረግ የእኛ፣ የመምህራንና የዕቅድ አውጪዎች፣ ሥራ ነው።